የአክስቴ ሃያ አራት ዛጎሎች

አክስቴ ጭቃው ላይ የምትሄደው ወደ ኋላ ነበር። ሰው ሁሉ ፊቱ ወዳለበት ሲራመድ እሷ ጀርባዋን አስቀድማ፣ እንደጎነበሰች፣ ቦት ጫማዋን ከጭቃው በየተራ እየነቀለች ታፈገፍጋለች። እኔ ደግሞ ባልዲ ይዤ ከኋላዋ ስለምከተል በየደቂቃው እንጋጫለን።

"አንቺ ልጅ፣ ከእግሬ ሥር አትጠፊም?"

"አንቺ ነሽ እኮ የመጣሽብኝ!"

"ታዲያ እያየሽ ዝም ትያለሽ?"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለምን እንደ ሰው ወደ ፊት እንደማትሄድ ስጠይቃት "ዝም ብለሽ እይ" አለችኝ። ለሁሉም ነገር መልሷ ይኸው ነበር። ባሕሩ ለምን ይሸሻል ብላት፣ እናቴ ለምን ታመመች ብላት፣ አንቺ ለምን አላገባሽም ብላት፣ "ዝም ብለሽ እይ"። ዝም ብዬ ሳይ፣ ሳይ ከርሜ በራሴ ገባኝ። ውሃው ሲሸሽ ለምግብና ለገበያ ቆፍረን የምናወጣቸው ዛጎሎች ክንድ ያህል ጭቃው ውስጥ ጠልቀው፣ አንገታቸውን እንደ ቱቦ ወደ ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ሲረገጥ ይደነግጡና አንገታቸውን ይሰበስባሉ። ያን ጊዜ ውሃ ፊጭ ይላል፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳም ትቀራለች። ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ቀዳዳዋን ሳያያት ጥሏት ያልፋል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ግን እግሩ ያስደነገጠውን ሁሉ ፊት ለፊቱ ያገኘዋል። በቃ ይኸው ነው። ይህን ለመናገር ስንት ቃል ይፈጃል? አክስቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ከሚወጣ ጥርሷ ቢወልቅ ትመርጣለች።

ለቁጣ ሲሆን ግን ቃል አያጥራትም። አንገቷ ላይ በገመድ ያንጠለጠለቻት የብረት ቀለበት አለች፤ በዚያች ቀለበት የሚሾልክ ዛጎል ገና ልጅ ነውና ወደ ጭቃው ይመለሳል፤ ሲመለስም አንገቱ ወደ ላይ መሆን አለበት። አንድ ቀን አንዱን ገልብጬ ብቀብረው "አንቺን በአናትሽ ብተክልሽ ደስ ይልሻል?" ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ከሁሉ የባሰው የጉድጓዱ ነገር ነው። ጉድጓድ ሳይደፈን ከቀረ የተከመረው ጭቃ ከሥሩ ያሉትን ትንንሾች ያፍናቸዋል። ስለዚህ በቀን ሃምሳ ጊዜ፣ ብሰማም ባልሰማም፣ "ጉድጓዱን ደፍነሽዋል?" ትለኛለች። ዛሬ አርባ ዓመቴ ነው፤ አሁንም አንዳንድ ቀን በር ዘግቼ ስወጣ ይህ ጥያቄ ከኋላዬ ይሰማኛል።

የምንኖረው ሦስታችን ነበርን፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቷ አክስቴና እኔ። ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ ስድስት ዶሮ። እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት በካውያ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ያን ዓመት ሳንባዋን ታማ ከአልጋ ብትነሳም ምግብ አልዋጥ አላት፤ ሁለት ጉርሻ ትልና ሳህኑን ትገፋዋለች። ሐኪሙ "ሰውነቷ ይጠገን፣ ደህና ምግብ ትብላ" ብሎ ነበር። ይህን "ደህና ምግብ" የሚለውን ቃል እኔ እንደ ትእዛዝ ያዝኩት።

እንግዲህ ከተሰበረችው ጀልባ ወዲያ አንድ ቦታ ነበረች። ጀልባዋ የጎን አጥንቶቿ ብቻ ቀርተዋል። እዚያ ስንደርስ አክስቴ "እዚህ ቁሚ" ትለኝና ብቻዋን ትሄዳለች። ተንበርክካ እጇን እስከ ትከሻዋ ትሰዳለች፤ አንድ ዛጎል ታወጣለች፤ በአውራ ጣቷ ጭቃውን ጠርጋ ጠርዙን ታያለች፤ ጥፍሯን አስጠግታ ትለካዋለች፤ ከዚያ መልሳ ትቀብረዋለች። አንገቱን ወደ ላይ አድርጋ! ዛጎሉ ደግሞ ቤት ይዘን ከምንሄዳቸው ሁሉ ይበልጣል፤ ሩቅ ሆኜም ታይቶኛል። ወፍራም ዛጎል ይዞ መልሶ የሚቀብር ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና አንጀቴ እርር አለ። ማንን ፈርታ ነው የምትደብቀው? ከእኛ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ዶሮ ስመግብ ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ባለ መነጽር ሰውዬ ነበር፤ እናቴ "መነጽሩ" ትለዋለች። በወር አንዴ መጥቶ አክስቴን በር ላይ ያነጋግራታል። እሱ በሚመጣበት ቀን አክስቴ ፀጉሯን ታበጥራለች።

"ደህና ናቸው?" አላት።

"ወፍረዋል። የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል ጨምረዋል።"

"ለሰው አልተናገርሽም አይደል?"

"ለማን እናገራለሁ? የሰማ ሁሉ መቆፈሪያውን ይዞ አይመጣም? እህቴ እንደሆነች ወሬ አይቆይላት። ይህች ልጅማ... ለእሷ ከመንገር ጥሩንባ መንፋት ይሻላል።"

"እንግዲህ በቀጠሮው ቀን። እስከዚያ ግን እንዳይነኩ።"

ሲሄድ እናቴ በመስኮት ብቅ አለች። "ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው?"

"የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።"

"የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ፀጉር ያስበጥራል?" ብላ እናቴ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ሳል ተለወጠ።

ለእኔ ነገሩ ጥርት ብሎ ታየኝ። አክስቴ ልታገባ ነው። ወፋፍራሞቹን የምታደልበው ለሙሽራው ነው። በቀጠሮው ቀን ቆፍራ ታወጣቸውና መነጽሩ ቁጭ ብሎ ይበላቸዋል፤ እናቴ ደግሞ በቀለበቷ ለጥቂት አልሾልክ ያለውን ትርፍራፊ እየገፋች ትከሳለች። ደሜ ፈላ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ያወቅኩት ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ነው፣ እናንተ እንኳ አትንገላቱ። ሰውዬው ለአክስቴ ፀጉር ደንታም አልነበረው። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ያ ጭቃ የሞተ ነው፣ ያሉት ዛጎሎች ያረጁ ናቸው፣ ምንም አያድግበትም ብለው፣ በአፈርና በድንጋይ ሞልተው የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ወስነው ነበር። በዚያ ጭቃ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ይተዳደሩ ነበር። አክስቴ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ "የሞተ ነገር ይወፍራል ወይ?" ብላ ተሟገተች። መነጽሩ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሃያ አራት ዛጎሎች ወስደው የእያንዳንዱን ጠርዝ በሞረድ ምልክት አደረጉበት። ዛጎል ሲያድግ በጠርዙ ነው የሚጨምረው። በዓመቱ በሁሉም ፊት ተቆፍረው ሲወጡ ከምልክቱ ወዲያ አዲስ ጠርዝ በቅሎ ከተገኘ ጭቃው ሕያው ነው፣ ሥራው ይቆማል። ካልተገኘ ይሞላል። የቀበረቻቸው አክስቴ ብቻዋን ነበረች፤ እሱ አሥር እርምጃ ሳይሄድ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ስለቀረ ቦታውን አያውቀውም።

ይኸው ነው። እኔ በጥቂት መስመር ተናገርኩት። አክስቴ ሙሉ ዓመት ከእኔ ጋር ጭቃ ላይ ስትውል አንዲት ዓረፍተ ነገር አልወጣትም። አንዲት! "እነዚህን አትንኪ፣ ለሁላችን የተቀመጡ ናቸው።" ጥሩንባም ብሆን ይህን ይዤ ዝም እል ነበር። እንጃ፤ ምናልባት አልልም።

ለቀጠሮው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አክስቴ የሰበሰበችውን ይዛ ገበያ ሄደች። ውሃው ከቀትር በኋላ ሸሸ። ባልዲና መቆፈሪያ ይዤ፣ የእሷን ቦት ጫማ በጨርቅ ጠቅጥቄ ተጫምቼ፣ ከተሰበረችው ጀልባ ወዲያ ሄድኩ። ወደ ኋላ ነው የሄድኩት፤ ክፉ ተማሪ አልነበርኩም። ፊጭ፣ ፊጭ፣ ፊጭ። ቀዳዳዎቹ አንድ ላይ ተሰብስበው ብቅ አሉ። እጄን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩ። ጉንጬ ጭቃው ላይ ተለጥፎ፣ ቀዝቃዛው ጨዋማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ጣቶቼ ለስላሳውን አንገት ሲነኩ አንገቱ ወደ ታች ሲያመልጥ ይሰማኛል። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሃያ አራት። እያንዳንዱ ጠርዙ ላይ አንድ ዓይነት የሞረድ ምልክት ነበረው። ስሟን ጽፋባቸዋለች ማለት ነው አልኩ። ስስቷ እስከዚህ ደርሷል! ባልዲው ከብዶኝ፣ ውሃው ደግሞ እየተመለሰ ስለነበር፣ ጉድጓዱን እንዳለ ጥዬ ሮጥኩ።

አሸዋቸውን እንዲተፉ ንጹሕ የባሕር ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። እናቴ ከሥራ ስትገባ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ከየት መጣ ይሄ?"

"አክስቴ ናት። ላንቺ ብላ ስታደልባቸው ነበር።"

እናቴ ባልዲው አጠገብ ቁጭ አለችና "አይ እህቴ" ብላ አለቀሰች። ከዚያ በሽንኩርት ቀቀለቻቸው። ሽታው ግቢውን ሲሞላው ጎረቤት በአጥር አንገቱን እያሰገገ ጠየቀ፤ እናቴም ለጠየቀም ላልጠየቀም እህቷ ምን እንዳደረገችላት አወራች። ጀምበር ሳትጠልቅ አክስቴ ገባች፤ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። እናቴ ሁለተኛ ሳህኗ ላይ ነበረች። ከንፈሯ በመረቁ ወዝቶ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ልጅቷ ሁሉንም ነገረችኝ።"

"ምን ነገረችሽ?"

"ለእኔ ብለሽ ስታደልቢያቸው እንደከረምሽ ነዋ! እኔ ደግሞ ስንት ነገር ሳስብ..."

አክስቴ ከሳህኗ አንዱን አነሳች። አውራ ጣቷ በልማዱ ጠርዙ ላይ ሄደ። እዚያው ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ዓይኔን ሳልሰብር አየኋት፤ የተያዘች ሌባ እንዲህ ናት ብዬ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። አክስቴ ከእኔ ላይ ዓይኗን አንስታ እናቴን አየች፤ እናቴ ዳቦዋን መረቁ ውስጥ እየነከረች ነው። ከታመመች ወዲህ ዳቦ ስትነክር አይተናት አናውቅም።

"አዎ" አለች አክስቴ። "ላንቺ ብዬ ነው። ብዪ።"

እሷም በላች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ አላምጣ።

ከእራት በኋላ ዛጎል መውቀጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ ለዶሮዎቹ እንቁላል ይጠቅማል ይባላል። ያን ቀን ያልወቀጥኩት ወቀጣ የለም። ድንጋዩን በሁለት እጄ አንስቼ ምልክቶቹን እየመረጥኩ አደቀቅኳቸው። አክስቴ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ወጣች፤ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዶሮዎቹ ግን ቀድመዋታል። በእግሯም በቀሚሷም አባረረቻቸው፣ ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ዳበሰች፤ ከዱቄትና ከጥፍር ከሚያንስ ስባሪ በቀር የተረፈ አልነበረም።

"ሁሉንም?" አለችኝ።

"ሁሉንም!" አልኳት በኩራት።

መዳፏን አራገፈች። ትሳቅ ታልቅስ አልገባኝም። እኔ ጥፊ ስጠብቅ፣ "ጉድጓዱንስ?" አለች። "ጉድጓዱን ደፍነሽዋል?"

"አዎ" ብዬ ዋሸሁ። በልቤ ግን ይህች ሴት ጤነኛ አይደለችም አልኩ።

የቀጠሮው ቀን ሠላሳዎቹም ሴቶች፣ የሰፈሩ መረብ ጠጋኝ ሽማግሌም ሳይቀር፣ ያን ዕለት ጠዋት ተጠርተው ዳር ላይ ተሰብስበው ነበር። መነጽሩ በሁለት ጣውላ ላይ እየተራመደ ገባ። ለሙሽራ ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ። አክስቴ ፀጉሯን አበጥራ ነበር። ፊት ፊቱ ወደ ኋላ እየሄደች መራችው፤ እኔም እንደ ልማዴ ባልዲ ይዤ ተከተልኳት። ግን ከጀልባዋ በግራ በኩል ሄደች። ቦታዋ በቀኝ ነበረች! ቆፈረች፣ ምንም የለም። ደፈነችው። ፈንጠር ብላ ደግሞ ቆፈረች። ደፈነች። እንዲህ እያለች ሰባት ጉድጓድ ቆፈረች፣ ሰባቱንም ደፈነች።

"እስኪ ደግሞ ሞክሪ፣ ውሃው ሳይመለስ" አላት ሰውዬው። ድምፁ ይለምናት ነበር። መነጽሩን አውልቆ በጣቱ ቢጠርገው በጭቃ ለቀለቀው።

"ጠፋኝ" አለች አክስቴ። "ቦታውን ዘነጋሁት።"

"እንዴት ይዘነጋል? ምልክት አላደረግሽም?"

"በልቤ ይዤው ነበር።"

ዓይኗን ጨፍነው ቢለቋት እያንዳንዱን ቀዳዳ የምታገኝ ሴት ናት እንዲህ የምትለው። ውሸቷ አናቴ ላይ ወጣ። "እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ!" ልል አፌን ስከፍት እጇ ክንዴን ያዘኝ። ያለ ቁጣ፣ ግን አጥንቴ ድረስ። አላየችኝም፤ ፊቷ ወደ ሰውዬው ነበር። አፌን ዘጋሁ። አምስት ጣቶቿ በጭቃ እጅጌዬ ላይ ታትመው ቀሩ።

ያኔ "ተሰርቀዋል" ብትል ሠላሳዎቹ ሴቶች ሌባውን መፈለግ ይጀምሩ ነበር። እናቴ ደግሞ ስለ ወፋፍራሞቹ ዛጎሎች ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ሌባዋ እስክትገኝ ግማሽ ቀንም አይፈጅም ነበር። ይህ ሁሉ ያን ጊዜ ለእኔ የት ይታየኛል?

መረብ ጠጋኙ ከዳር ሆኖ "አይ ዝንጉ!" አለ፤ ምራቁንም ተፋ። በነጋታው የሰፈር ልጆች "እትዬ ዝንጉ" አሏት። እኔም አልኳት። መጀመሪያ ላበሽቃት ነበር፤ አልበሸቀችም፤ ከዚያ ልማድ ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ መኪኖች መጥተው ድንጋይ ገለበጡ፤ ከዚያ ቀን ቁፋሮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለእኔ የነገረኝ የለም። ሴቶቹ በየፊናቸው ተበተኑ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የቆፈረችው ጓደኛዋ እስክትሞት ድረስ ሰላም አላለቻትም። አክስቴ እናቴ ጋ ልብስ ተኳሽ ሆነች፤ ቀኑን ሙሉ በሁለት መቶ ሸሚዝ መሃል ቆማ ትውላለች።

እናቴ አገግማ ረጅም ዕድሜ ኖራ ሞተች። ያን ማታ የበላችው ምን እንደነበረ ሳታውቅ።

ባለፈው ወር አክስቴን ወደ እኔ ቤት ላመጣት ዕቃዋን እሸክፍ ነበር። ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ ልቧ ግን ከእኔ ይሻላል። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታዘኛለች፣ ጨጓራዬን ትልጠዋለች። የተሰነጠቀ ብርጭቆ ልጥል ስል "እሱን አትጣዪ!" ደህናውን ስጠቀልል "ምን ይሠራልሻል?" መሳቢያዋ ጥግ አንድ ካልሲ ውስጥ ጠንካራ ነገር አገኘሁ። አንድ ዛጎል ነው፣ ያን ማታ ከሳህኗ ያነሳችው መሆን አለበት፤ አብሮት አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ጠርዙ ላይ የሞረድ ምልክት፣ ከምልክቱ ወዲያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነጭ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ጠርዝ። ወረቀቱ ላይ የሃያ አራቱ ዛጎሎች ውል፣ ከሥሩም የእሷና የሰውዬው ፊርማ ነበረ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ያን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ዶሮዎቹ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?!" ጮህኩ። ማፈሬን ሁሉ ንዴት አደረግኩት። "ሠላሳ አንድ ዓመት እትዬ ዝንጉ ስልሽ! በሠርጌ ቀን ሳይቀር፣ በሰው ፊት! አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቃል እንኳ!"

"ምን ብዬ? ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ይህን ተሸክመሽ ልታድጊ ነው?" ካልሲውን ከእጄ ወስዳ አጣጠፈችው። "ደግሞ እናትሽ ያን ቀን ሁለት ሳህን በላች። በማግስቱም እንቁላል በላች። እኔ ያየሁት እሱን ነው።"

 ከዚህች ሴት ጋር መከራከር ግድግዳ መግፋት ነው። ያልተናገርኩት አንድ ነገር መኖሩ ትዝ አለኝ።

"ጉድጓዱንም አልደፈንኩትም" አልኳት። "ዋሽቼሽ ነበር።"

"አውቃለሁ። በማግስቱ ሄጄ እኔ ደፈንኩት።"

ከደጅ ዕቃውን ሊጭን የመጣው መኪና ጥሩንባ ጮኸ። ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ እናቱም እዚያ ጭቃ ላይ ስትቆፍር ያደገ።

"እትዬ ዝንጉ! ኧረ እንሂድ፣ መሸብን እኮ!"

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት። ሁሉንም ልነግረው፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ። ያው አያያዝ ነው፤ ያለ ቁጣ፣ ግን አጥንቴ ድረስ።

"መጣሁ ልጄ!" አለችው በትከሻዬ ላይ አንገቷን አውጥታ። "አንድ ነገር ረስቼ ነው።"